የከርሞ ተራ ሽያጭ

እኔ መጻፍ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩትም እየተቆነጠጥኩ ነው። ቃል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ግን ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ኦሃዮ፣ በቬርና መጠጥ ቤት ነው። በየዓመቱ ኳስ አቅፈው ከሚሮጡት ከእውነተኞቹ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች በተራ እየመረጥን የሐሳብ ቡድን እናቋቁማለን፤ እነሱ ሜዳ ላይ ይሮጣሉ፣ ነጥቡ ለእኛ ነው። መጨረሻ የወጣ ሰው ለከርሞ ቀድሞ ይመርጣል፤ ግን በማግስቱ ጠዋት የዶሮ ልብስ ለብሶ የትራፊክ መብራቱ ጋ እየቆመ ክንፉን ያራግባል። ኦሪን የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። ልጆቹ በዶሮ ልብስ ካዩት ዓመቱን ሙሉ አለቀለት። በዚያ እሑድ ደግሞ አንድ ጨዋታ ሲቀር መጨረሻ ላይ ያለው እሱ ነበር። ጎማ ሻጩ ዴልማር፣ የሊጉ ሰብሳቢ፣ ይዞ ያፋጥጠዋል።

ዴልማር፦ ተራህን ሽጥልኝ አልኩህ እንጂ ኩላሊትህን ስጠኝ አልኩህ?

ኦሪን፦ “የከርሞ የመጀመሪያ ምርጫ” ነው ያልከኝ። ማነው እሱ? ይሮጣል?

ዴልማር፦ ሰው አይደለም! ተራ ነው!

ኦሪን፦ ተራ ሰው?

ዴልማር፦ (ግንባሩን እየመታ) ወረፋ! ከርሞ ስንመርጥ የምትገባበት ወረፋ!

ኦሪን፦ ገና ያልተሰለፍኩበትን ወረፋ እንዴት ልሽጥ? ከኋላዬ ያለው ሰው አይቆጣም?

ዴልማር፦ ከኋላህ ማን አለና! መጨረሻ ነህ እኮ!

(ኦሪን የያዘውን የዶሮ ክንፍ ሳህኑ ላይ መለሰው። መብላት አስጠላው።)

ኦሪን፦ ታዲያ የመጨረሻ ሰው ወረፋ ምን ያደርግልሃል?

ዴልማር፦ (ሳል ሳል እያለው) አዝኜልህ ነው። በምትኩ ከቡድኔ ቦዲን እሰጥሃለሁ። ያን የመሰለ ሯጭ!

ኦሪን፦ ቦዲ ጉልበቱ በፋሻ ታስሮ የለም እንዴ?

ዴልማር፦ አንዱ ብቻ ነው።

ኦሪን፦ በሌላኛው እግሩ ነው የሚሮጠው?

ዴልማር፦ ዛሬ ከሮጠልህ ከዶሮው ዳንክ! ፍጠን፣ ጨዋታው ከተጀመረ መለዋወጥ ክልክል ነው።

ኦሪን፦ እሺ... ግን ከርሞ ተራው ሲደርስ እኔ ቆሜ የተጫዋች ስም ልጥራልህ? ወይስ አንተ ትቆማለህ?

ዴልማር፦ (ደንግጦ) አንተማ ስም ተሳስተህ ትጠራብኛለህ! እኔው ራሴ ነኝ በቦታህ የምቆመው።

ኦሪን፦ በእኔ ቦታ?

ዴልማር፦ በአንተ ቦታ!

ኦሪን፦ ከነኮተቱ?

ዴልማር፦ ከነኮተቱ! አንዲት ላባ እንዳታስቀር!

ኦሪን፦ እኔ ነገር ይረሳኛል። ሰው ይስማልኝ።

ዴልማር፦ (ወንበር ላይ ወጥቶ) ጓዶች! እኔ ሰብሳቢያችሁ ደንብ አውጥቻለሁ! የከርሞ ተራ የገዛ ሰው በሻጩ ቦታ ይቆማል፣ ከነኮተቱ! የሚቃወም አለ?

(ማን ይቃወማል? ባለቤቷ ቬርና እንኳ ፎጣዋን አንስታ ደገፈች። ተጨባበጡ። ቦዲ ገና ኳሷን እንዳቀፈ ጉልበቱ ከዳው፤ በቃሬዛ ወጣ። ጨዋታው ሲያልቅ ኦሪን መጨረሻ ነው።)

ዴልማር፦ (ሆዱን ይዞ እየሳቀ) ለከርሞ አንደኛ መራጭ እኔ! አየህ የኔ የዋህ፣ መጨረሻ የወጣ ነው ቀድሞ የሚመርጠው። ቬርና፣ ልብሱን አምጪለት!

(ቬርና አመጣች። ኦሪን ተቀብሎ አቧራውን አራገፈና ለዴልማር ዘረጋለት።)

ዴልማር፦ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

ኦሪን፦ ኮተቱ ነዋ።

ዴልማር፦ የምን ኮተት?

ኦሪን፦ የመጨረሻው ቦታ እኮ ቀድሞ መምረጥ አለው፣ መብራቱ ጋ መቆምም አለው። “በቦታህ የምቆመው እኔ ነኝ” አላልክም? ያውም ወንበር ላይ ወጥተህ?

ዴልማር፦ እሱ... እሱማ አነጋገር ነው!

(ቤቱ በሙሉ “ከነኮተቱ! ከነኮተቱ!” እያለ ጠረጴዛ ይደበድብ ጀመር።)

ዴልማር፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) ኦሪን፣ ወንድሜ... ተራህን ልመልስልህ?

ኦሪን፦ ጨዋታው ከተጀመረ ክልክል ነው አልከኝ እኮ። እኔ መቼ ደንብ አውቃለሁ? አዋቂው አንተ ነህ።

(በማግስቱ ጠዋት ኦሪን አውቶቡሱን ልጆች ሞልቶ መጣ። መብራቱ ቀይ ነበር። አረንጓዴ ሲሆንም ነዳጅ መርገጡን ረሳው፤ ነገር ይረሳኛል ብሎ ነበር እኮ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ “ዴልማር፣ ክንፍህን ከፍ አድርግ እንጂ፤ ከኋላ የተቀመጡት አላዩህም” አለው።)