የጋሼ ቢያድግልኝ አራስ ቤት

በየሰፈሩ አንድ አንድ ወሬኛ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ከነቤቱ ይቃጠል እንደነበር ማን ቆጥሮት ያውቃል? ጭስ ከማይወጣበት ጣራ ጭስ ሲወጣ ማን ያያል? ብቻውን የሚኖር ሰው በሩ እስከ ረፋድ ሳይከፈት ሲቀር፣ ታሞ ይሆን ብሎ ማን ያንኳኳል? እናንተስ ብትሆኑ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የጎረቤት ድስት ሲንተከተክ ሰምታችሁ ምን ተሠራ ብላችሁ አፍንጫችሁን ያላቆማችሁበት ቀን አለ? የለም። እኔ ከእናንተ የምለየው ባለመደበቄ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከፊደል ገበታ ላይ ካነበብኩት ይልቅ በመስኮት ያየሁት ይበልጣል፤ ያየሁትን ደግሞ ለብቻዬ መያዝ ስስት ይመስለኛል። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ሰው ጥሩሰው ብሎ በስሜ ከሚጠራኝ «ሬዲዮኗ» ቢለኝ ይቀለዋል። አልከፋም። ሬዲዮን ሁሉም ያማዋል፤ ሁሉም ይከፍተዋል።

ጋሼ ቢያድግልኝ ፊት ለፊት ጎረቤቴ ናቸው። በትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሆነው ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስት የላቸውም፣ ልጅም የላቸውም። ነገር ግን እዚህ ሰፈር ሴት በወለደች ቁጥር ሳሙናቸውን በወረቀት ጠቅልለው የማይመጡበት ጊዜ የለም፤ ገንፎው ሲቀርብ ከበሩ ጥግ ተቀምጠው፣ ቀምሰው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው መርቀው ይወጣሉ። የእኔን አራት ልጆች ገንፎ በልተዋል። በእሳቸው ቤት ግን ለደስታ የተጠራ ሰው ኖሮ አያውቅም። ምን ተገኘ ብለው ይጥሩ?

ጡረታ በወጡ በዓመቱ አንድ የድሮ ተማሪያቸው ከአዲስ አበባ ሲመጣ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥፍር ጥፍር የሚያካክሉ አሥር ቀያይ ፍጥረቶች አመጣላቸው። የአባይን በረሃ ሙሉ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ያሻገራቸው። ጋሼ ሽሪምፕ ይባላሉ አሉን፤ እኛ እግራቸውንና እንደ ቴሌቪዥን አንቴና የተገተረ ጢማቸውን አይተን የውኃ አንበጣ አልናቸው። የንስሐ አባታቸው ሊያዩ መጥተው አጎነበሱና «ይበላል?» አሉ። እንደማይበላ ሲነገራቸው «ካልተበላ ምን ቸገረን» ብለው ባለቤቱን ባርከው ሄዱ።

ጋሼ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሣጥን አሠርተው፣ አሸዋ አንጥፈው፣ የውኃ ሣር ተክለው ከመስኮታቸው ሥር አስቀመጡት። ከመስኮታቸው ሥር። ልክ በእኔ በር ትክክል። ታዲያ ጥፋቱ የማነው?

የፈለጉት ማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እሳቸው የፈለጉት ማራባት ነው። ወይዘሮ አንጓች፣ ስምንት ልጅ የወለደች የአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን፣ የሞቃት አገር ፍጥረት በጮቄ ተራራ ብርድ እንዴት ሆኖ ይወልዳል ብላ ሳቀችባቸው። ጋሼ አልተቆጡም።

«እኔስ ከአባይ ቆላ የወጣሁ አይደለሁም? እኔ የለመድኩትን ይለምዱታል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሠሩትን ሥራ ያየ ምስክር እኔ ነኝ። የቧንቧ ውኃ መድኃኒት አለው ብለው በጀሪካን ሁለት ቀን ሳያቆዩ አይጨምሩም። መብራት ሲጠፋ አየር የምትነፋው ትንሽ ሞተር ዝም ትላለች፤ ያን ጊዜ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠው በጣሳ እየቀዱ ከላይ ወደ ታች መልሰው ያንቆረቁራሉ፣ ውኃው ነፋስ እንዲያገኝ። አንጓች በአጥሩ ላይ «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» ትላለች። እሳቸው ይቀዳሉ። የሐምሌ ብርድ ሲመጣ ጋቢያቸውን ለሣጥኑ አልብሰው እሳቸው በኮት ተንዘፈዘፉ። ይህም ሁሉ ሆኖ ፍጥረቶቹ ሞቱ፤ አንድ በአንድ። ነሐሴ ሲገባ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ብቻ ቀሩ። ያመጣላቸው ልጅ ሥራው ሩቅ አገር ተዛውሯል፤ እነዚህ ካለፉ ሌላ የለም።

አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ሴቲቱን አየኋት፤ አሸዋው ላይ ተገልብጣ፣ ነጥታ፣ ቀፎ ሆና። እግሬ አውጪኝ ብዬ ለሰፈሩ አደረስኩ። ምሳ ሳይደርስ አንጓች አራት ሴት አስከትላ፣ ነጠላዋን ለልቅሶ አጣፍታ፣ ግማሽ ፊቷ እየሳቀ ጋሼን ልታጽናና ገባች። ጋሼ ግራ ገብቷቸው ያየኋትን ነገር በስንደዶ አወጧት። ለካ ልብሷ ኖሯል። እነዚህ ፍጥረቶች ሲያድጉ ቅርፊታቸውን እንደ ቀሚስ አውልቀው ይጥላሉ፤ አዲሱ እስኪጠነክር ደግሞ ይደበቃሉ። የልብሱ ባለቤት ከሣሩ ሥር ሆና ጢሟን ታወዛውዛለች። ሴቶቹ ዞረው ያዩት እሷን አልነበረም፤ እኔን ነው። የዚያን ቀን የሞተው የእኔ ስም ነው። ከዚያ በኋላ «ዝናብ መጣ» ብል እንኳ ልብስ የሚያስገባ ጠፋ።

እልህ ያዘኝ። ያጠፋኝ ዓይኔ ያነሣኛል ብዬ ማግስቱን ጋሼ ቤት ሄጄ ከሣጥኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ በመነጽርም ቢሆን ጥፍር የምታህል ፍጥረት ሆድ ለማየት ዓይናቸው አልደርስ ብሏቸው ኖሯል። «አንቺ ጥሩሰው፣ የአንቺ ዓይን ደህና ነው፤ እስቲ ሆዷን እዪልኝ» አሉኝ። ሰው አትይ ሲለኝ ነው የኖርኩት፤ እዪልኝ ያለኝ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

በሳምንቱ ከሆዷ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የመሰለ ነገር ተደርድሮ አየሁ። ዕንቁላል። እኛ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስንል ኖረናል፤ የእሷ ዕንቁላል ግን በእናቱ እግር ነው የሚሄደው፣ እያራገበችው። ስቆጥር ሃያ ሁለት ሆነ። ጋሼ በርጩማዬን ወስደው ተቀመጡበት። እስኪፈለፈል ለማንም እንዳልነግር አደራ አሉኝ። ከብርዱ የተነሣ ከወር በላይ ፈጀ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለት ምን እንደሆነ እናንተ አታውቁትም። ሁዳዴ ይሻላል።

ጥቅምት ላይ፣ ሣሩ መሐል የቅንድብ ፀጉር ቁራጭ የመሰሉ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ዐሥራ አራት ቆጠርኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «በይ አሁን ንገሪ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ነገርኩ። ማንም አላመነኝም። አንጓች ልታሾፍ መጥታ፣ አጎንብሳ፣ ብዙ ቆይታ ቀና አለች። «ታዲያ አራስ ቤት ባዶ እጅ ይገባል?» አለች።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ ሦስት ገበታ ገንፎ ተገንፍቶ ሄድን። ለቀልድ ነው የሄድነው። ጋሼ ግን ቤቱን ጠርገው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ኮታቸውን ቆልፈው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። አንጓች ወደ ሣጥኑ ዞራ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትል ሁላችን ልንስቅ አፋችንን ከፍተን ነበር።

«አሜን። ማርያም ታኑርልኝ» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

የከፈትነውን አፍ ዘጋን። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ገንፎ፣ በር ጥግ የተቀመጠውንም ሰው እያስታወስን ይመስለኛል።

ጠላ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም፣ ልቤ ተነክቶ ነው መቼም፣ አራሷ ሳትቀምስ እኛ እንዴት እንበላለን ብዬ ከገንፎው መሐል፣ ቅቤና በርበሬው ከተኛበት፣ ቆንጠር አድርጌ ውኃው ውስጥ ጣልኩላት። ማንም አላየኝም። ቅቤው ግን ተንሳፍፎ ተንሰራፋ፤ ውኃው ፊቱን በወርቅ ተለበጠ። እናቲቱ ከግድግዳ ግድግዳ ትጋጭ ጀመር። ሞተሯ ያን ቅቤ አረፋ ታደርገዋለች እንጂ ምን ታመጣለች?

እዚህ ላይ ጠላቴም ቢሆን በእኔ ቦታ አይቁም። ዝም ብል ብርዱ ገደላቸው ይባላል፤ የሚያውቅ የለም፤ የሚታወቀውን ሁሉ የምናገር እኔ ነኝና። የሰው ገመና ሲዘራ የኖረ አፌ የራሴን ለማውጣት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደኝ። ጋሼ ጆጉን ይዘው ብቅ አሉ።

«ጋሼ፣ ገንፎ ጨመርኩበት። እኔ ነኝ» አልኩ።

አልጮሁም። ጆጉን አስቀመጡና ሁለቱን ጀሪካን ውኃ አስመጡ፤ ጋዜጣ ዘርግተው ከውኃው ፊት ላይ እያነጠፉ ቅቤውን በወረቀት ማንሳት ጀመሩ። ቀሪው ውኃ በጎማ ይሳብ ተባለ፤ ግን ጎማው ሕፃናቱን ይውጣቸዋል። አፉን የምንሸፍንበት ሳሳ ያለ ጨርቅ ተፈለገ። ሻሼን ፈታሁ። ሁለት ሳምንት ያልተሠራ ፀጉሬ በሰፈሩ ሴት ሁሉ ፊት ተበተነ፤ የስንቷን ፀጉር እንዳላማሁ። አንጓች ጎማውን በአፏ ስባ ውኃው ጉሮሮዋ ገባና እየተፋች «ዛሬ ዓርብ ቢሆን ጾሜን አስገድፈሽኝ ነበር፣ አንቺ ጉደኛ» አለችኝ። አዲሱን ውኃ በጣሳ ቀስ እያለች ያንቆረቆረችውም እሷው ናት። እንቦጭ እንቦጭ ሲል ማንም ተረት አልተረተም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃው ጠራ። ጋሼ «ቁጠሪ» አሉኝ። ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። እናቲቱ አለች። ልጆቹ ዘጠኝ።

«ዘጠኝ» አሉ ጋሼ፤ ወደ አንጓች ዞረው። «እንግዲህ በአንድ በለጥኩሽ።»

የቀዘቀዘውን ገንፎ ከቦ የበላ ሰው ሁሉ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም።

ወሬው ሮብ ገበያ ደርሷል ይባላል፤ ለአንበጣ ገንፎ ያበላች ሴት እየተባልኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ያለ እኔም ወሬ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዓመቱ እነዚያ ዘጠኙ ወልደው ሲበዙ፣ ጋሼ «ዓይንሽ ሥራ ይያዝ» ብለው አምስት በትልቅ ብርጭቆ ሰጡኝ። መስኮቴ ላይ አኖርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ብነሣ ሦስት አፍንጫ መስታወቴ ላይ ተለጥፏል፤ የመሐለኛው የአንጓች ነው፤ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ እሱንም አሳስታ።

የዚያኑ ቀን ገበያ ወርጄ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ገዛሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው በመስኮት የሰው ቤት የሚያይ?