ጉድጓድ ያስቆፈረች ተወዳዳሪ

ለምርጫ የሚወዳደር ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንዷን ወልጃለሁ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ስለ መንገድና ስለ መብራት ሲያወሩ፣ የእኔዋ ዶክተር በከተማችን በግምጃ ቤት ገበያ መሀል ቆማ «መጸዳጃ ጉድጓድ የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ» አለች። ድምፅ የሚለመነው እንዲህ ነው? ሕዝቡ አቀረቀረ። እኔም «ተሸነፈች» ብዬ ለእመቤቴ ለማርያም ነገርኳት።

በሳምንቱ ጎረቤታችን አያ ፈንቴ ጓሯቸው ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው።

«ጉድጓድ የሌለው ሰው ልጅሽን መምረጥ አይችልም ተብሏል» አሉኝ። «የልጅ ልጄን ከተቅማጥ ያተረፈችን ልጅ ሳልመርጥ ልቅር?»

«ኧረ አያ ፈንቴ፣ ባይቆፍሩም መምረጥ ይችላሉ።»

«ወገቤ ድረስ ከገባሁ በኋላ ነው የምትነግሪኝ?»

ለካ አገሩ ሁሉ ይህንኑ አምኖ ዶማውን አንስቶ ኖሯል።

ልጄ አሸነፈች። አያ ፈንቴም «መጸዳጃዬን ካልመረቅሽልኝ» ብለው ያዟት። የተመራጭነቷ የመጀመሪያ ምረቃ ይኸው ሆነ። ሪባን ስላልነበረ የሚስታቸውን መቀነት በሩ ላይ ወጥረው ነበር፤ ልጄም ላለመቁረጥ ብላ ፈታችው። እኔ እልል አልኩ። የክብር እንግዶቹ ሽማግሌዎች ግን «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ በሩ ላይ ቆሙ።