ለራሳቸው ሽማግሌ የሄዱት ጋሽ ሀብቴ

ሰው ሲመርቅህ ልብ ብለህ ታውቃለህ? «ዕድሜ ይስጥህ» ይልሃል፤ አንተም ጎንበስ ብለህ «አሜን» ትላለህ። በዚያ ዕድሜ ላይ ምን እየሠራህ፣ ምን እየበላህ እንደምትቆይ ግን መራቂውም አይነግርህ፣ አንተም አትጠይቀው። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኛ በምንኖርበት የቀራንዮ መንደር ይህ ምርቃት ከሚገባው በላይ ሠምሮ ነበር። መርፌ የሚወጋ ሐኪም ቤት በቅርብ ተከፈተና፣ ድሮ በአንድ ክረምት ሳል የሚሸኘው ሽማግሌ መሄዱን ተወ። አጥር ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቀው ሰው በዛ። ፈጣሪ ዕድሜውን ሲያድል ሥራውን አብሮ ማደል ረሳ መሰለኝ፤ ወይም እሱን ለካቦዎች ትቶላቸው ይሆናል።

ጎረቤቴ ጋሽ ሀብቴ ድንጋይ ሲጠርቡ ያረጁ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ እንደወጡ የቀሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅም አልወለዱም። የመንግሥት ሰው ቢሆኑ ጡረታ በኖራቸው፤ የቀን ሠራተኛ ጡረታው ግን ክንዱ ነው። አንድ ቀን የሚሠሩበት ግንባታ ካቦ፣ ሠራተኛ የሚቀጥረውና የሚያባርረው አለቃ፣ «አባባ፣ ብዙ ደከሙ፤ ከእንግዲህ ይረፉ» አላቸው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ በአክብሮት ነው ያለው። ቢሰድባቸው ይሻል ነበር። ስድብ መልስ አለው፤ ለ«ይረፉ» ምን ተብሎ ይመለሳል? ቦታቸውን ለአንድ ጎረምሳ ሰጠና ጋሽ ሀብቴ ዐረፉ። ዕረፍታቸውም፣ የኛ ቤት ምሳ የሚቀርብበትን ሰዓት ጠብቀው «እንዴት ዋላችሁ» ለማለት ብቅ ማለት ሆነ። እኛም ምንም እንዳልገባን ሆነን «እሰይ፣ በጊዜ መጡ» እንላለን። እውነቱን ልንገርህ፣ እጃቸውን ሲታጠቡ ማየት ያመኝ ነበር።

ካረጁ አይበጁ ይላል ያገሬ ሰው፤ ሲናገረው አርጅቶ እንዳልነበር እርግጠኛ ነኝ።

እንዲህ እንዳለን ያ ጎረምሳ ካቦውን አፍ አውጥቶ ሰድቦት ተባረረ ሲባል ተሰማ። ጋሽ ሀብቴ በእሑድ ጧት ከቤቴ ደረሱ። ፊታቸው በርቷል።

«ቦታዬ ባዶ ሆኗል። ሽማግሌ ሁኑና ለምኑልኝ» አሉኝ።

ጨርቅ ነጋዴውን ጎረቤታችንን ሐጂ ከድርን ጨመርንና ተነሣን። መቼም ወጉን አታጣውም፤ የሚለመንለት ሰው ቤቱ ይቀራል፣ ሽማግሎቹ ይሄዳሉ። ሐጂም «አንተ ሀብቴ፣ ቅር እንጂ» አሏቸው።

«አልቀርም! ቤቱ ድረስ ያለውን ዳገት ስወጣ ይየኝ እንጂ። ጉልበት እንዳለኝ በምን ይወቅ?»

ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት ቀደሙ። ዳገቱንም ከኔ ፈጥነው ወጡት። ነገሩ የተበላሸብን እዚህ ላይ ነው።

ካቦው ደጅ ስንደርስ እንደ ደንቡ ቆምን፤ ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ካቦው ወጣና ጋሽ ሀብቴን ከፊት ቆመው ሲያይ ክው አለ።

«ኧረ በማርያም! እርስዎ ደጄ ላይ ቆመው? ግቡ፣ ተቀመጡ!»

«ነገራችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

«ገብቶኛል። ስለዚያ ባለጌ ልጅ ነው የመጣችሁት። ቦታዎን የወሰደብዎትን ልጅ እርስዎ ራስዎ ከለመኑለት እኔ ማን ነኝና እምቢ እላለሁ? ስለ ሽበትዎ ስል ምሬዋለሁ፤ ነገ ሥራው ይግባ!» አለና ተደፍቶ የጋሽ ሀብቴን ጉልበት ሳመ።

ሐጂ እኔን አዩኝ፤ እኔም ሐጂን። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ሀብቴ ክንዴን ጨመቁኝ። ምን ይበሉ? «ልጁን ተወውና እኔን መልሰኝ» ይበሉ? ዕርቅ ወርዷል፤ የወረደ ዕርቅ ያፈረሰ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ማን ደጅ ይቆማል? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የተባለው ቢላዋው በእጃቸው ላለ ሰዎች ነው። ጋሽ ሀብቴ እጃቸውን ዘርግተው ካቦውን መረቁ። ስንመለስ ዳገቱ ቁልቁለት ሆኖ ሳለ ሁለቴ ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ ስማቸው ገነነ። ከሥራው የተባረረ ሁሉ ከኮልፌ ድረስ እየመጣ «እርስዎ ካሉበት እምቢ የሚል የለም» እያለ ይዟቸው ይሄዳል። እውነትም እምቢ ያለ አልነበረም። ያ ሽበት የሰውን ሁሉ እንጀራ ያስመልሳል፤ የባለቤቱን ብቻ አይሆንለትም። ለሽምግልና ደግሞ ደሞዝ ተቆርጦ አያውቅም።

ጎረምሳው ሊያመሰግን ጋሽ ሀብቴ ቤት ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጁ ክፉ አይደለም። ጉልበታቸውን ስሞ ቀና አለና፣ «አባባ፣ ሥራ ፈትቼ በነበረ ጊዜ መሮዬንና መዶሻዬን ሸጬ በላሁ። በእርስዎ መሮና መዶሻ መቼም ከእንግዲህ አይሠሩበትም…» አለ።

ጋሽ ሀብቴ ወደ ጓዳ ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለውን መሣሪያቸውን አውጥተው ሰጡት። ልጁ ከወጣ በኋላ ድንገት ብድግ አሉ።

«የመዶሻው እጀታ ይላላል፤ ውሃ ውስጥ አሳድረው ማለቱን ረሳሁት!»

ወደ በሩ ሊሮጡ ሲሉ፣ አስተዳደጌ ነውና ምን ላድርግ፣ ክንዳቸውን ያዝኩና «ይተዉ ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ! እኔ ደርሼበት እነግረዋለሁ» አልኳቸው።