በእኛ ፊልም ማንም አልሞተም

እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፤ በሕልሜም ዓለም ተገልብጣ ጠበቀችኝ።

ቴሌቪዥናችን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዳንቴሉን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዝም ብሎ ያየኛል። እኔ በእሱ ቦታ ጠረጴዛው ላይ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ልጄ ሳምራዊት አጠገቤ ነበረች። እግሯን ታወዛውዛለች፤ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት ትልቅ ሴት ናት፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ መቀመጣችን ምንም አልገረማትም።

በሩ ተንኳኳና ጋሽ ኢብሮ ገባ። ጋሽ ኢብሮ ድሮ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሰፈራችን ውስጥ የቪዲዮ ካሴት ያከራየን የነበረ ሰው ነው። በሕልሜ ግን ካሴት ትቶ ቤተሰብ ያከራይ ነበር። እኛን የወሰዱ ሰዎች ወደ መጀመሪያችን ሳያጠነጥኑ መልሰውናል ብሎ ተቆጣ። በመስኮት ሳይ እውነቱን ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ወደ ኋላዋ እየተራመደች ቲማቲሟን ለነጋዴዋ ትመልሳለች። ባጃጆቹ ሁሉ በቂጣቸው ይሄዳሉ።

ጋሽ ኢብሮ ትንሿን ጣቴን ያዘና ማጠንጠን ጀመረ። ፀጉሬ ጠቆረ። የግድግዳው ቀለም ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ተመለሰ። ወዴት እንደሚወስደን ሲገባኝ እጁን ይዤ ለመንኩት።

«ጋሽ ኢብሮ፣ ባለቤቴ በሕይወት ያለበት ጋ አቁምልኝ።»

«እዚያ ጋ ክሩን ማጫወቻው ዴክ በልቶታል፣ እታፈራሁ» አለኝ፤ ድምፁ አዘነ። «ሁልጊዜ ይዘላል። ከዚያ ወዲህ ነው የሚያቆመው።»

ያቆመውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሳምራዊት ስምንት ዓመቷ ሆነ። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ የሁለተኛ ክፍል ዩኒፎርሟን ለብሳለች። አባቷ የሞተበት ዓመት ነበር።

ከዚያ እኛን የተከራዩት ሰዎች መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው አንድ በአንድ ሲገቡ ሁሉንም በመልክ አወቅኳቸው። ያን ዓመት ሠላሳ ጊዜ ያየነው የአሮጌው የሕንድ ፊልም ተዋናዮች ናቸው። ነጭ ሳሪ የለበሰችው እናት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿ፣ ባለ ጢሙ ክፉ ሰው። ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ተደርድረው ተቀመጡ። እናትየዋ ወገቧን እያሸች ስለ ኑሮዋ አጫወተችኝ። ድሮ ካሴት ውስጥ ሲኖሩ ሰፊ ነበር አለች፤ እንደ ልብ ይዘፈናል፣ ይሮጣል። ኋላ ሲዲ ላይ አስተኟቸው። ቀጥሎ ፍላሽ ውስጥ ከሺህ ሰው ጋር አጨቋቸው፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ ሽጉጥ የሚተኩሱ ነበሩ። አሁን ደግሞ ስልክ ውስጥ ናቸው፤ ሰው በጣቱ ገፋ እያደረጋቸው ያልፋል።

አዘንኩላቸው። የሚበላ ነገር ላቅርብ ብዬ ብነሳም ከጠረጴዛው መውረድ አልቻልኩም። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተከሳሿ ትነሳ።»

ልጄ ተነሳች።

ክሱ በሰው አፍ ያልተባለ ቃል መጨመር ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ እኔ ማንበብ አልችልም። የተዋናዮቹን ንግግር አናውቀውም፤ ከሥር ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያልፋል። ሳምራዊት ጭኔ ላይ ቁጭ ትልና ጽሑፉን በአማርኛ ታነብልኛለች። አንዲት ቃል ሳትደናቀፍ እስከ መጨረሻው ታደርሰዋለች። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይህን ያህል እንግሊዝኛ ከየት አመጣች ብዬ አልጠየቅኩም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነው። ልጄ ጎበዝ ናት እያልኩ ለጎረቤት አወራ ነበር።

ነጭ ሳሪ የለበሰችው እናት ለመመስከር ቆመች።

«እኔ በዚያ ፊልም እሞታለሁ» አለች። «ልጄ ጭን ላይ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ ሁለት ዘፈን ዘፍኜ ነው የምሞተው። አገር ያለቀሰበት ሞት ነው። ይቺ ልጅ ግን ሐኪም ቤት አስገብታኝ ድና ወጣች ብላ አወራች።»

እኔም ትዝ አለኝና ጠየቅኳት። «ያ ነጭ የለበሰው ዶክተርስ? ‹ተሽሎሻል› ያለሽ?»

«እሱማ ለፍታት የመጣ ቄስ ነው።»

ተዋናዮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ባለ ጢሙ ክፉ ሰው ተነሳ። እሱ የሚሞተው ከገደል ወድቆ ነው። ልጄ ግን ጭድ ላይ አርፎ፣ ተጸጽቶ፣ እህቱ ቤት ሄደ ብላኛለች።

«እህት የለኝም» አለ፤ ጢሙን እየጎተተ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚያ ወዲህ ግን ያለችኝ እየመሰለኝ እኖራለሁ።» ይህን ብሎ በሳሪው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ፤ ሳሪው የእናትየዋ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ልጄን ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቃት። እሷ ወደ እሱ አላየችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ሰው ሊሞት ሲል እማዬ እጄን ትጨብጠዋለች» አለች። «በጣም ታጠብቀዋለች። ያመኛል። ስለዚህ አዳንኳቸው።»

እኔ እጄን ደበቅኩ።

ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን አስተካክሎ ብዙ አሰበ። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ማጣራት እፈልጋለሁ አለ። የልጅቷ እናት ማንበብ የማትችል ከሆነ፣ ልጅቷ እንደ ፈቀደች ታንብብላት፤ ሰው ያለ አንባቢ አይቀርም። ማንበብ የምትችል ከሆነ ግን የልጅቷ ድምፅ ሥራ የለውም፤ ይወሰድባታል። ፍርዱ ይኸው ነበር።

ሁለቱ ወንድማማቾች የእናታቸውን ሳሪ በመካከላችን ወጥረው ያዙ። ሳሪው ላይ ጽሑፍ ነበረበት።

እንግዲህ እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የጎልማሶች ትምህርት እሄዳለሁ። ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሁልጊዜ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው የማነበው፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያውን እረሳዋለሁ። በሕልሜ ግን ጽሑፉ ሙሉውን መጣልኝ። ሰው በር ከፍቶ እንደሚገባ ገባልኝ። «እናት በመጨረሻ ትሞታለች» ይላል።

ይህችን ቀን ሃምሳ ዓመት ጠብቄያታለሁ። አፌን ልከፍት ስል የልጄን ፊት አየሁ።

«አላውቀውም» አልኩ። «ማንበብ አልችልም። መሐይም ነኝ።»

ቴሌቪዥኑ ሊያምነኝ ነበር። ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። መምህር ደርበው ነው፤ የሚያስተምረኝ ሰው። ቁምጣ ለብሶ፣ ደብተሩን በላስቲክ ሸፍኖ፣ እንደ ተማሪ ተቀምጧል። መምህር ደርበው ክፉ ሰው አይደለም። ደስ ብሎት ነው የተናገረው።

«ትችላለች፣ ጌታዬ! እኔን ራሴን ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

ተዋናዮቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ባለ ጢሙ ሰው አበባ በተነብኝ። ጋሽ ኢብሮ የምረቃ ካባ አለበሰኝ። ነጭ ሳሪ የለበሰችው እናት ጉንጬን ሳመችኝና እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከእንግዲህ ሁሉን በራስሽ ታያለሽ አለችኝ። እልል እየተባለ ልጄን በትከሻቸው መሐል ፈለግኳት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆማ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ድምፅ የለም። ደረቷ ላይ ጽሑፍ ማለፍ ጀመረ። ለማንበብ ጎንበስ ስል የምረቃው ቆብ ዓይኔ ላይ ወረደ። ቆቡን ልገፋ እታገላለሁ፣ አይነሳም፤ ጽሑፉም አይቆምም።

በላብ ተነክሬ ነቃሁ።

ሳምራዊት አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ተቀምጣለች። ሁለቱም ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ በስልኳ ፊልም ታያለች። ጠጋ አልኩና አየሁ። አንዲት ሴት አልጋ ላይ ለተኛ ሰው እያለቀሰች ትናገራለች። ይሙት ይዳን አይታወቅም።

ክንዷን ነካሁና «ምን እያለች ነው?» አልኳት።

አንዱን ማዳመጫ ነቀለች። «እማዬ፣ በአማርኛ እኮ ነው የተጻፈው። አሁን ታነቢያለሽ አይደል?» አለችኝ። በኩራት ነው ያለችው፤ ፈገግ ብላ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ማዳመጫውን መልሳ ሰካችው።

ጣቴን ከጽሑፉ ሥር አደረግኩ። «ል» አልኩ። «ጄ» አልኩ። ሦስተኛውን ፊደል ሳልይዘው ጽሑፉ አለፈ፤ ሴትየዋ የሰውዬውን ፊት በአንሶላ ትሸፍን ጀመር።