ከእግር ላይ እንዴት ይወረዳል?

ሰላምታ በእኛ አገር ቆሞ ነው። ሌላው ዓለም እየሄደም እየነዳም ሰላም ይባባል ይሆናል፤ እኛ ግን መጀመሪያ እንቆማለን፣ ቀጥሎ ጎንበስ እንላለን፣ ከዚያ የልጁን፣ የሚስቱን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቀን ስናበቃ፣ ምናልባት የዘለልነው ቢኖር ብለን እንደገና «ታዲያስ፣ ደህና ናችሁ?» እንላለን። የቸኮለ ሰው እንኳ መቸኮሉን ቆሞ ነው የሚያስረዳው። ከላይ ሆኖ ትልቅ ሰውን ሰላም ማለትማ ጭራሽ አይታሰብም። የድሮ ሰው ከበቅሎው ይወርድ ነበር። በቅሎዋ ቀርታ ብስክሌት ሲተካ ሥርዓቱ አብሯት አልቀረም፤ በተለይ ሐዋሳን በመሰለ ሜዳ ከተማ፣ ግማሹ ሕዝብ ብስክሌት ላይ ተወልዶ ብስክሌት ላይ ያደገ በሚመስልበት አገር፣ አሳዳጊ ያልበደለው ልጅ ትልቅ ሰው ሲያይ ፍሬን ይዞ፣ ወርዶ፣ መሪውን በአንድ እጁ ደግፎ ነው ጎንበስ የሚለው። ባጃጅ የመጣ ጊዜ ትንሽ ግራ ተጋብተን ነበር፤ እሱም አንገትን ወደ ውጭ አውጥቶ በማዝገም ተፈታ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ጎማው እግር ላይ የታሰረ እንደሆነስ? ከእግር ላይ እንዴት ይወረዳል?

ለእናንተ የሥራ ፈት ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔ ሚስት የማግኘትና የማጣት ጉዳይ ነበር።

አቶ ተሰማ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ከመናኸሪያ ወደ ሐይቅ ዳር በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ፣ የአንድ ልብስ ሰፊ ወዳጃቸው ደጃፍ ላይ የማይነካ ወንበር አላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይቀመጡና ሲመሽ ይነሳሉ። በዚያን ጊዜ መንግሥት እያንዳንዳችንን በብሔር በብሔረሰብ ለይቶ መታወቂያችን ላይ ጽፎልን ነበር። አቶ ተሰማ ግን የራሳቸው አከፋፈል ነበራቸው፤ በእሳቸው ዓይን ሰው ሁለት ነው፣ የሚወርድና የማይወርድ። የሚወርደው ጉራጌም ይሁን ሲዳማ፣ ጴንጤም ይሁን ኦርቶዶክስ፣ ጨዋ ነው። የማይወርደው የንጉሥ ልጅ ቢሆን ባለጌ ነው። እኔ እወርዳለሁ። ልጃቸውን ሰብለን ካየሁ ወዲህማ በማዶ በኩል ቢሆኑም እወርዳለሁ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ከቆሙ ደወል ደውዬ፣ ዞር እስኪሉ ጠብቄ እወርዳለሁ።

ሰብለን እንዲጠይቁልኝ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች የመሩልኝ አከራዬ አቶ ዳንጊሶ ነበሩ፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከፖሊስ በፊት የሚጠሩ ሰው። ሄደው ተመለሱና «እናጣራ፣ በሁለተኛው እሑድ ኑ፣ አሉ» አሉኝ። ይህ የማጣራት ጊዜ ምን እንደሆነ ያገባ ያውቀዋል። የሰው አጥንት የሚቆጠርበት፣ ያበደ አጎት ይኑረው አይኑረው፣ ሲጠጣ ይጩኽ ዝም ይበል የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። አጪው በዚህ ወቅት ከቤቱ ቢሮ፣ ከቢሮው ቤቱ ነው። ሲስቅ እንኳ አፉን ይሸፍናል።

ሰብለ ደግሞ በዚያው ሳምንት የራሷን ነገር አመጣች። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ማታ ማታ ከጓደኞቿ ጋር አራት ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረበትን ጫማ፣ እነሱ ሮለር የሚሉትን፣ አጥልቃ አስፋልት ላይ ትንሳፈፋለች። አባቷ ኮምፒውተር ኮርስ የገባች ነው የሚመስላቸው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ኮርስ የማይሸፍነው ነገር አልነበረም።

«አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት እኔ መልስ ልስጥ» አለችኝ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ። «ከመናኸሪያ እስከ ሐይቅ ዳር፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው እያየህ፣ ሮለር አድርገህ ከእኔ ጋር ና። ሳትወርድ።»

«ይህ ከጋብቻ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ታላቅ እህቴ ኳስ ትጫወት ነበር። ባሏ ሲያጫት ‹ስትጫወቺ ደስ ትዪኛለሽ› ይላት ነበር። ዛሬ የልጇ ኳስ ከአጥር ውጭ ቢወድቅ ወጥታ አታነሳለትም፣ ሰው ያየኛል ብላ። ደስ እንደምልህ አውቃለሁ። ከእኔ ጋር መታየት ትችል እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።»

በውስጥ ለውስጥ እንሂድ ብዬ ለመንኋት። እሱም አይሆንም። በእነዚያ ዓመታት ከተማው የሰፈር ለሰፈር መንገዱን ሁሉ ኮብልስቶን አንጥፎበት ነበር፤ ኮብልስቶን ለእግረኛ መልካም ነው፣ ለሪፖርት ደግሞ ከዚያም የበለጠ መልካም ነው፣ ለሮለር ግን ጥርስ ያረግፋል። ለስላሳው መንገድ ዋናው አስፋልት ብቻ ነው። ልማት ገመና የሚሸፍን መንገድ አልተወልኝም።

ስለዚህ ቆረጥሁ። ከሰልባጅ ተራ ከእግሬ ሰፋ የሚል፣ የተረከዙ ፍሬን ያለቀ ሮለር ገዛሁና ልምምድ ጀመርሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እንቁላሉ ሮለር አላደረገም። በጎኔ ወደቅሁ፣ በጉልበቴ ወደቅሁ፣ ከሁሉ አብልጬ ግን በመቀመጫዬ ወደቅሁ። በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ግምገማ ነበረና፣ ወንበር ሳለ ግድግዳ ተደግፌ ስለቆምሁ «ከውይይቱ ራሱን የማግለል ዝንባሌ ይታይበታል» ተብዬ ተገመገምሁ። ተቀበልሁ፤ ሂስ መቀበል ከመቀመጥ ይሻለኝ ነበር። ማታ ተመልሼ አሰርሁ፣ ተመልሼ ወደቅሁ። ሰብለ ከፊቴ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ታስተምረኛለች። «ጉልበትህን እጠፍ። ጎንበስ በል። ቀጥ ብሎ የቆመ ይወድቃል፣ ጎንበስ ባልክ ቁጥር ትፈጥናለህ።» ይህንንማ በፊትም ከመሥሪያ ቤቴ አውቀው ነበር። እኛ ጋ በአጭር ጊዜ የትና የት የደረሱት ሁሉ ወገባቸው የለሰለሰ ነበሩ፤ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው አንድ ባልደረባችን ግን በሚቀጥለው ግምገማ አልነበረም። እኔ ዘዴውን በእግሬ ለመማር ነው የዘገየሁት።

ቅዳሜ ምሽት ሆነ። በማግስቱ እሑድ ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ነው። ስሌታችን ቀላል ነበር፤ ሲጨልም አቶ ተሰማ ወደ ቤታቸው ይገባሉ፣ ያኔ እኛ እንወጣለን። ከመናኸሪያ እንደተነሳን ግን መብራት ጠፋ። ከተማው በሙሉ ድርግም አለ። ሰብለ የሹራቧን ቆብ ደፍታ ከፊቴ ትበራለች፤ እኔ ድምፅዋን ተከትዬ፣ የባጃጆቹን ብልጭታ እየተዋስሁ እከተላታለሁ። ያላሰብነው ነገር ይህ ነው፤ መብራት የጠፋው ለእኛ ብቻ አይደለም። አቶ ተሰማም «ጨለማ ቤት ገብቼ ምን ላደርግ» ብለው ወንበራቸውን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ አውጥተው ነፋስ ይቀበሉ ነበር።

ሰብለ ሳትታወቅ አለፈች። እኔ ስደርስ ከፊት ለፊት የመጣ ባጃጅ መብራቱን ቦግ አደረገብኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ አቶ ተሰማ፣ ሰላምታዬን ሊቀበሉ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ።

እዚህ ላይ አእምሮዬ አልሠራም፤ የሠራው አስተዳደጌ ነው። መቆም ስላልቻልሁ የቀረኝን አደረግሁ፤ ጎንበስ አልሁ። ጎንበስ ስል ፈጠንሁ። ስፈጥን ንቀት እንዳይመስል ብዬ ይበልጥ ጎንበስ አልሁ፣ ይበልጥ ፈጠንሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝቅ ብዬ ሰው አክብሬ አላውቅም። በሕይወቴም እንደዚያ ፈጥኜ ከሰው ፊት ጠፍቼ አላውቅም።

ያቆመኝ የመንገዱ አካፋይ ላይ ያለ ዘንባባ ነው። ግንዱን አቅፌ ሳስበው ፈራሁ። ከፊቴ ሰብለ ቆማ «ና፣ ና» ትለኛለች። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ሰላምታቸው አየር ላይ ቀርቶ ቆመዋል። ነገ እሑድ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሮለሩን ፈታሁ፤ በብብቴ ይዤው፣ በካልሲ፣ ወደ አቶ ተሰማ ተመለስሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሮለር ነው፣ ጋሼ።»

«ወርደህ መጣህ?»

«ወርጄ መጣሁ።»

ካልሲዬን አዩት፤ አውራ ጣቴ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ መለስሁ። አሰናብተውኝ ዘወር ስል መንገዱ ባዶ ነበር። ሰብለ የለችም።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ተመለሱ። አቶ ተሰማ ገና ሳይቀመጡ «ከጎማ ወርዶ በካልሲ አስፋልት ላይ ቆሞ ሰላም ያለኝን ልጅ ምን አጣራዋለሁ፣ ሰጥቻለሁ» ብለዋል። አከራዬ አቀፉኝ፣ ጎረቤት እልል አለ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ደስታዬን ተሸክሜ መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ሰብለ ለአንድ ሰውዬ የሳል ሽሮፕ በወረቀት ስትጠቀልል ነበር። ቀና ሳትል፣

«ከአባቴ ጋር መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ» አለችኝ።

ሰውዬው ሽሮፑን ይዞ ወጣ፤ እኔ ቀረሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። የኔ ሁለት ባላዎች እርስ በርሳቸው የሚሰባበሩ ነበሩ፤ አባትየው የሚወዱኝ በወረድሁ ነው፣ ልጅቷ የምትወደኝ ባልወረድሁ ነው። ሁለቱን ይዞ መኖር እንደማይቻል ያኔ ገባኝ፤ ገብቶኝም ብዙ አልተጨነቅሁም፤ ለማግባት ያሰብሁት አቶ ተሰማን አይደለም።

«ዛሬ ማታ እንደገና» አልኋት። «ሳይጨልም እንውጣ።»

ያኔ ቀና አለች። «አባቴ ወንበሩ ላይ ይኖራል።»

«ይኑሩ።»

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወጣን። በዚህ ጊዜ መብራት አልጠፋም፤ በሚያስፈልግ ጊዜ አይጠፋም። ሰብለ የሹራቡን ቆብ አልደፋችም። ከእሷ መድኃኒት የገዙ ሁሉ፣ እኔን በቢሮ የሚያውቁኝ ሁሉ በረንዳ ላይ ቆመው ያዩናል፤ አንዱ በጥርሱ ያፏጫል፣ አንዷ አማተበች። እኔ ጉልበቴን እንደተማርሁት አጥፌ ገፋሁ። የልብስ ሰፊው ደጃፍ ደረሰ። አቶ ተሰማ እኔን አዩ፣ ከዚያ ከጎኔ ያለችውን አዩ፣ ብድግ አሉ።

«አባዬ፣ እንደምን አመሸህ» አለች ሰብለ። ድምፅዋ አልጮኸም፣ አልተንቀጠቀጠም። እግሯም አልቆመም።

እኔ ጎንበስ አልሁ። የምችለውን ያህል፣ ከልቤ።

«ውረዱ እንጂ» የሚል ሰማሁ ከኋላዬ። አልወረድንም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልችልም፤ አንድ የማከብራቸውን ሰው ማስቀየሜ አንጀቴን በላው፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ፊቴን ሲመታኝ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ሐይቅ ዳር ስንደርስ ሰብለ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ፤ እኔ አሁንም መቆም በራሴ አልችልም ነበር። እየሳቀች ታለቅስ ነበር። መልሷን እንድትሰጠኝ ጠበቅሁ።

«በል አሁን አባቴን ጠይቅ» አለችኝ።

አቶ ተሰማ ያን ሳምንት ከልጃቸው ጋር አልተነጋገሩም። ወንበራቸውም ባዶውን ሰነበተ። ከዚያ ለአቶ ዳንጊሶ «መልሴን አንስቻለሁ፣ ኑ» ብለው ላኩባቸው። አከራዬ ቤት ኪራይ ያላስገባሁ ይመስል እያዩኝ፣ ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ሲመለሱ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ደጃፉ ላይ ቆመው ቀስ ብለው ነገሩኝ። አቶ ተሰማ ሲነጋገሩ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር አሉ። «የመጀመሪያ ቀን፣ ለካ እሷም ከፊቱ ነበረች፣ ለእኔ ሲል እሷን ትቶ ወረደ። የሁለተኛው ቀን እኔን ትቶ አለፈ። ትቶኝ የሄደው ወደ ሌላ አይደለም፣ ወደ ልጄ ነው። እኔ በዚህ ነገር ላይ መልስ ያለኝ አይመስለኝም። እሷን ጠይቋት።» ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ሰብለ ከጓዳ ተጠርታ ወጣች። አቶ ዳንጊሶ ጠየቋት።

«‹አዎ፣ እሱን አገባለሁ› አለች» አሉኝ። «አላቅማማችም። አንገቷን አልደፋችም። ውሃ ሳንጠጣ አለቀ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዙኝ። የሆነ ነገር ከንክኗቸዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን ያህል ዘመን ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ፣ አባት ስንለምን፣ አጎት ስንለምን፣ የአባቱን ወንድም ስንለምን፣ ልጅቷን መጠየቅ እንደሚቻል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሥራ በጣም ይቀላል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህ ነገር ለሰው እንዳይወራ። ከተለመደ እኛን ማን ይፈልገናል?»