የእመቤት ጥድፊያ አንገት

የማይቀመጥ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በዚህኛው ሰፈር ማዕረጉን የያዘችው የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ፣ ክብርት እመቤት ጥድፊያ ነበረች። ሰው ብርድ ሲያንቀጠቅጠው እሷ መስኮት ትከፍታለች። ለሁለት ሰው የሚበቃ ምሳ በልታ ትከሳለች። እጇ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ማኅተሙ ቴምብሩን ስቶ የባለጉዳዩ አውራ ጣት ላይ ያርፋል። አለቃዋ "ትጋት ማለት ይህ ነው!" ይላል፤ ጎረቤቶቿ "ምን ጠጥታ ነው እንዲህ የቀጠነችው?" እያሉ በቅናት ይቃጠላሉ።

የተጨነቀው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። አንዷን ሰማያዊ ቀሚሷን በዓመት ሦስት ጊዜ አጥብቦላታል።

"ቶሎ በሉ ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም!"

"እስቲ ቁሚልኝ! ሰው ነው የምለካው ዝንብ?"

ለአራተኛ ጊዜ ስትመጣ ሜትሩን አንገቷ ላይ አዞረ። የልኬት ደብተሩን አገላበጠ። ወገቧ ስምንት ሳንቲ ቀንሷል፤ አንገቷ ሦስት ጨምሯል።

"ሠላሳ ዓመት ሰው ለክቻለሁ። ወገብና አንገት እንዲህ ተጣልተው አላየሁም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ።"

"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ቀሚስ ላስጠብብ ብመጣ በሽታ ሊሰፉልኝ ነው?"

ልብስ ሰፊው ቀሚሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

"ጋሼ! የእህቴ ሠርግ እኮ ሳምንት ነው!"

"እንግዲያማ ቶሎ በይ፣ ጊዜ የለሽም።"

እየተራገመች ሄደች። ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ የነገረቻት አጭር ነበር፦ አንገቷ ውስጥ ያለው የታይሮይድ እጢ ከልኩ በላይ እየሠራ ነው። የሰውነትን ፍጥነት የሚያዘው እሱ ነው፤ ትእዛዝ ሲያበዛ ልብም፣ እጅም፣ ሆድም ያለ ዕረፍት ይሮጣሉ። "ብትዘገዪ ኖሮ ልብሽ አይችለውም ነበር" አለቻት። ለካ አለቃዋ ዓመቱን ሙሉ ሲያመሰግን የኖረው እጢዋን ነው።

ቀሚሱ ለሠርጉ ደረሰ። ኪኒኑን በጀመረች በአምስተኛው ወር ወደ ልብስ ሰፊው ተመልሳ መጣች፤ መጥታም፣ ጉድ በሉ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"ጠበበኝ ጋሼ። ያንን ሁሉ ጨርቅ ቆርጠው ጥለውት፣ አሁን ከየት ይመጣል?"

ልብስ ሰፊው ቀሚሱን ገልብጦ አሳያት። ከአራቱም ማጥበብ አንዲት ክር አልጎደለም፤ ትርፉ ጨርቅ በየስፌቱ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

"ማን ቆረጠ? ትመለሻለሽ ብዬ ነው እንጂ ያጠፍኩት" አለና የመጀመሪያውን ስፌት መተርተር ጀመረ።

"ቀስ ይበሉ፣ አልቸኩልም" አለች።

ምን ያድርግ፣ የምትቀመጥ ደንበኛ ሆና አይቷት አያውቅም፤ ያገኘውን ዕድል ይዞ ስለ ጉልበቱ ሕመም እስኪመሽ ድረስ ተረከላት።