ሾርባው እስከ ስንት ዲግሪ ይሙቅ?

ጉባኤው ማክሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በማተሚያ ቤታችን የሠራተኞች ክበብ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (የሂሳብ ሹም)፣ ነርሷ፣ ንብረት ጠባቂው፣ ሹፌሩ (ከጉበት ሕመም በቅርቡ ያገገሙ) እና እኔ ጸሐፊዋ። ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖራቸው የተገኙ፦ ምግብ አብሳይዋ።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ንብረት ጠባቂው ቢያንቀላፉም ወንበራቸውን ስላልለቀቁ ተቆጥረዋል።

አጀንዳ ፩፦ ሹፌሩን ያሳመመው የጉበት ቫይረስ

ነርሷ ቫይረሱ በምግብና ባልታጠበ እጅ እንደሚተላለፍ፣ ሙቀትም በቀላሉ እንደማይበግረው፣ ለብ ያለ ሾርባ ለእሱ ገላውን ከመታጠብ እንደማይለይ አስረዱ። ሾርባው መንተክተክ እንዳለበትም አሳሰቡ። ሰብሳቢው «የተንተከተከ ነገር ምላሴን ይልጠዋል፤ ለብ ይበል ብዬ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ» አሉ። ሹፌሩ «ለእርስዎ ምላስ ሲባል የኔ ዓይን ቢጫ ይሁን?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑ ተገለጸላቸው።

ነርሷ መቶ ዲግሪ፣ ሰብሳቢው ሃምሳ በማለታቸው ንብረት ጠባቂው ነቅተው «በሰባ አምስት ታረቁ» አሉ። ነርሷ ቫይረሱ ለሽምግልና አለመቀመጡን አመለከቱ። በንብረት ክፍል ያለው ብቸኛ ቴርሞሜትር እንዲቀርብ ተደረገ። የሰው ትኩሳት መለኪያ በመሆኑ ከአርባ ሁለት በላይ ቁጥር የለውም። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ የማይለካውን ሙቀት ሊያውቅ ስለማይገባው፣ ሾርባው በአርባ ሁለት ዲግሪ እንዲሞቅ፣ ቫይረሱም በዚያው እንዲሞት ተወሰነ። ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆኖ የሰብሳቢው ወገን አመዘነ። እኔ ብዕር ስለያዝኩ እጄን አላወጣሁም።

አጀንዳ ፪፦ ጥፋተኛ ስለመለየት

ሰብሳቢው ሰው ታሞ ማንም ሳይቀጣ መቅረቱ ለአሠራር እንደማይመች ገልጸው፣ አብሳይዋ እንዲሰናበቱ ጠየቁ። አብሳይዋ «ልጆቼን የማሳድገው በዚህች ጭልፋ ነው። ለብ አድርጊው አሉኝ፣ አደረግሁ» አሉ። ሰብሳቢው «እትዬ፣ ያልኩትን ሁሉ ይሰሙኛል እንዴ?» ብለው ተገረሙ። በቀድሞው ድምፅ ስንብቱ ጸደቀ። አብሳይዋ ሽርጣቸውን ፈትተው ምድጃውን አጠፉ።

አጀንዳ ፫፦ ምሳ

የምሳ ደወል ተደወለ። ሰብሳቢው ሾርባ ጠየቁ። አብሳይዋ «እኔ ተሰናባች ነኝ፤ ጭልፋውም የንብረት ክፍል ነው» አሉ። ንብረት ጠባቂው ጭልፋውን ተረክበው፣ ለሰብሳቢው ለብ ያለውን ቀዱላቸው። ሹፌሩ «ይጠጡ፣ ጌታዬ! እኔንም የጀመረኝ እንዲሁ ነው» አሉ። ሰብሳቢው ማንኪያውን አፋቸው ድረስ አምጥተው፣ የሹፌሩን ዓይን አይተው መልሰው አስቀመጡ።

በዚህም መሠረት በአንደኛውና በሁለተኛው አጀንዳ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ አብሳይዋ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ ሾርባው እስኪንተከተክ እንዲፈላ፣ ሰብሳቢውም እጃቸውን ታጥበው እፍ እያሉ እንዲጠጡ ሐሳብ ቀረበ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ለዚህኛው እኔም ብዕሬን አስቀምጬ እጄን አውጥቻለሁ።

ጉባኤው በሰባት ሰዓት፣ ድስቱ ሲገነፍል ተነሣ።